በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ወንዞች የሚገኙ ትንንሽና ስውር ዓሣዎች፦ የብዝኃነት ጥናት፣ ጥበቃ እና የአገልግሎት መረጃ

የመረጃው ዓላማ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በጉራጌና በምሥራቅ ጉራጌ ዞኖች፣ በተለይም በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች እንዲሁም በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ተገልጋዮች ነው። መረጃው በጅረቶችና በወንዞች ውስጥ ስለሚኖሩ ትንንሽ ዓሣዎች፣ ስለ ዓሣዎቹ ጥናት አካሄድና ጥናቱን ስለሚመለከቱ ሕጎች ያብራራል። የዓሣ ናሙና ለመሰብሰብ የሚፈልጉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች፣ በኩሬ ዓሣ ለማርባት ያቀዱ አርሶ አደሮችና ወጣቶች፣ እንዲሁም ስለ ወንዞቻቸው ደኅንነት የሚያሳስባቸው ነዋሪዎች ይጠቀሙበታል ተብሎ ይታመናል።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። በሌሎች አገሮች በጠረፍ ውኃና በኮራል ዐለቶች መካከል የሚካሄደው የትንንሽና ስውር ዓሣዎች ጥናት በአገራችን አቻ የሚያገኘው በወንዞች፣ በጅረቶችና በሐይቅ ዳርቻዎች ነው።

ትንንሽና ስውር ዓሣ ሲባል ምን ማለት ነው?

ትንንሽና ስውር የሚባሉት ዓሣዎች ለአካለ መጠን ደርሰውም እንኳ በአብዛኛው ከአንድ መዳፍ ርዝመት የማይበልጡ ናቸው። በድንጋይ ሥር፣ በጠጠር መካከል፣ በዛፍ ሥርና በውኃ ዳር ሣር ውስጥ ተሸሽገው ይኖራሉ፤ ቀለማቸውም ከወንዙ ወለል ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ አይታዩም። ለገበያ በሚውል መረብ አይያዙም፤ ከመረቡ ቀዳዳ ያመልጣሉ። በዚህም ምክንያት በዓሣ ምርት መረጃ ውስጥ አይመዘገቡም፤ ነዋሪውም ብዙውን ጊዜ የትልልቅ ዓሣዎች ጫጩት አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ይህ ግምት አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። የባርበስ ጫጩቶች በወጣትነት ዘመናቸው በጅረት ውስጥ ከትንንሾቹ ዝርያዎች ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። በአንድ እፍኝ ውኃ ውስጥ የታየው ዓሣ የትልቅ ዝርያ ጫጩት ይሁን ወይም ራሱን የቻለ ትንሽ ዝርያ መለየት የጥናቱ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

አንድ ተራራ፣ ሁለት ተፋሰስ

ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የዘቢዳር ተራራ የሚገኝበት የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት የአካባቢውን ውኃ በሁለት አቅጣጫ ይከፍለዋል።

• በምዕራብ በኩል በወልቂጤ አቅጣጫ የሚወርደው ውኃ በዋቤ ወንዝና በሌሎች ገባሮች አማካይነት ወደ ጊቤ ይገባል። ጊቤ ኦሞን ፈጥሮ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይጓዛል። ይህ ዋቤ ከዋቢ ሸበሌ ወንዝ ጋር በስም ይቀራረብ እንጂ ግንኙነት የለውም።

• በምሥራቅ በኩል በቡታጅራ አቅጣጫ የሚወርደው ውኃ በመቂ ወንዝ አማካይነት ወደ ደምበል (ዝዋይ) ሐይቅ ይደርሳል። ከደምበል የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ መውጫ ወደሌለው ወደ አብጃታ ሐይቅ ይፈስሳል።

የሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ ቢኖሩም ወንዞቻቸው አይገናኙም። ዓሣ ተራራ ተሻግሮ ስለማይሄድ በሁለቱ ተፋሰሶች የሚኖሩ ዓሣዎች ለረጅም ዘመን ተለያይተው ኖረዋል። በውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓሣዎች በዘር ሐረጋቸው እጅግ የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ በታች የተመለከቱት ጥንቃቄዎች አብዛኛዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነጥብ ነው።

የሚታወቁ ዝርያዎችና ወገኖች

ጋራ። ይህ የሳይንስ ስም ነው፤ በአማርኛ ኮረብታ ከሚለው ቃል ጋር አይገናኝም። ጋራ ዓሣ ከታችኛው ከንፈሩ በስተኋላ እንደ መምጠጫ የሚያገለግል ክብ አካል አለው። በዚህ አካል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ኃይለኛ ጅረትን ይቋቋማል፤ በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ዝቃጭም እየፋቀ ይመገባል። ከዚህ ወገን አንዱ የሆነው ጋራ ማኪየንሲስ ስሙን ያገኘው ከመቂ ወንዝ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በለንደን ሙዚየም ይሠራ የነበረው የዓሣ ሊቅ ቡሌንጄ ዝርያውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከመቂ በተወሰደ ናሙና ነው። ስለዚህ ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው ወንዝ በዓለም የዓሣ መዝገብ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ስሙ ተጽፎ ይገኛል።

ኢንተሮሚየስ። እነዚህ ትንንሽ የባርበስ ዘመዶች ናቸው። በዝግታ በሚፈስስ ውኃ፣ በረግረግና በሐይቅ ዳርቻ በመንጋ ይንቀሳቀሳሉ። ትንንሽ ነፍሳትን፣ እጮችንና በውኃ የሚንሳፈፉ ደቂቅ ሕይወቶችን ይመገባሉ፤ ራሳቸውም ለትልልቅ ዓሣዎችና ለአዕዋፍ ምግብ ይሆናሉ።

ማይክሮፓንቻክስ አንቲኖሪ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ርዝመት ያለው፣ ውኃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፍ ዓሣ ሲሆን የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ቪንቺጌራ የተባለው ጣሊያናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1883 የመዘገበው ሲሆን ስሙም በሸዋ በቆየው አሳሽ በአንቲኖሪ ተሰይሟል።

አፍሮኔማኬይለስ። በአፉ ዙሪያ ሦስት ጥንድ ጢም ያለው፣ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ በጠጠርና በድንጋይ መካከል የሚሸሸግ ዓሣ ነው። የዚህ ወገን ዘመዶች በብዛት የሚገኙት በእስያና በአውሮፓ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጣና ሐይቅ አካባቢ ሲሆን፣ በኦሞ ተፋሰስም መኖሩ በጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የኦሞው ዓሣ ከጣናው የተለየ ዝርያ መሆኑ ተረጋግጦ አፍሮኔማኬይለስ ካፋ ተብሎ ተሰይሟል። የወልቂጤ አካባቢ ውኃ የሚፈስሰው ወደዚሁ ታላቅ ተፋሰስ ነው።

ላቤዮባርበስ። ይህ ትልቁ ባርበስ ነው፤ በዚህ ዝርዝር የተካተተው ጫጩቶቹ በጅረት ስለሚያድጉ ነው። በደምበል ተፋሰስ የሚታወቀው ላቤዮባርበስ ኢትዮፒከስ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኝም።

ጥናቱ እስከ ዛሬ የሄደበት መንገድ

የኢትዮጵያ ዓሣዎች ዘመናዊ ጥናት የተጀመረው ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገሪቱን ጎብኝቶ የጣናን ዓሣዎች በመዘገበ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ናሙናዎች እየተሰበሰቡ ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች ሲሄዱ ቆይተዋል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ የባዮሎጂ ጥናት ቡድን በዋና ዋና ተፋሰሶች ሰፊ ቅኝት አድርጓል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ሥራዎች በጋራ ወገን ላይ መሠረት ጥለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተመራማሪ ስቲያስኒ ጋር በመሆን ጋራ ጣና፣ ጋራ ሪግሬሰስና ጋራ ደምበጫ የተባሉ አዳዲስ ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል።

በአገሪቱ ከ160 በላይ አገር በቀል የዓሣ ዝርያዎች እንደሚገኙ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከ35 በላይ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ ውጭ አይታወቁም። በባለሙያዎች ግምቶች መካከል ልዩነት የሚታየው በአብዛኛው ትንንሾቹ ዝርያዎች ገና ተለይተው ስላላለቁ ነው።

የአዋሽ ተፋሰስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቡሌንጄ እ.ኤ.አ. በ1911 ከአቃቂ ወንዝ የመዘገበው ኢንተሮሚየስ አካኪያነስ ከጊዜ በኋላ ራሱን እንደቻለ ዝርያ መቆጠሩ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የቀድሞ ናሙናዎችን ከዲ ኤን ኤ ማስረጃ ጋር በማነጻጸር ስሙን መልሶለታል። ይኸው ጥናት በአዋሽ የታችኛው ክፍል ኢንተሮሚየስ ያርዲየንሲስ የተባለ አዲስ ዝርያም ለይቷል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሶሬ ወንዝ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናትም በአንድ ወንዝ ውስጥ ብቻ በአፍና በአመጋገብ የተለያዩ ስድስት የጋራ ዓይነቶች መኖራቸውን አሳይቷል። እነዚህ ግኝቶች ብዙ ሰው በየቀኑ የሚሻገራቸው ወንዞችም ገና ያልተነበበ ሀብት እንደያዙ ያስረዳሉ።

ጥናቱ እንዴት ይካሄዳል?

1. የቦታ መረጣ። ከተራራው እስከ ሜዳው በተለያየ ከፍታ፣ በኃይለኛ ጅረት፣ በረጋ ኩሬና በሣራማ ዳርቻ ናሙና የሚወሰድባቸው ነጥቦች ይመረጣሉ። የወንዙ ጠባይ ስለሚለዋወጥ ሥራው በበጋም ከክረምት በኋላም ይደገማል።

2. አያያዝ። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ጎታች መረብና የእጅ መረብ ይሠራባቸዋል። ድንጋይ ሥር የተሸሸጉትን ለማግኘት አንድ ሰው ጠጠሩን በእግሩ ሲያነቃንቅ ሌላው ከታች መረብ ይይዛል። በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚሠራ፣ ዓሣውን ለአጭር ጊዜ የሚያደነዝዝ የኤሌክትሪክ መሣሪያም አለ።

3. የውኃው ሁኔታ። የውኃው ሙቀት፣ አሲዳማነት፣ የኦክስጅን መጠንና ጥራት ይለካል፤ ቦታውና ከፍታው ይመዘገባል።

4. ፎቶግራፍ። የዓሣው ቀለም ከሞተ በኋላ ቶሎ ስለሚደበዝዝ በሕይወት እያለ ፎቶ ይነሣል።

5. ናሙና ማቆየት። ከክንፉ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ለዲ ኤን ኤ ምርመራ በንጹሕ አልኮል ይቀመጣል። የዓሣው አካል በፎርማሊን ከጸና በኋላ ወደ አልኮል ይዛወራል። ቦታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በእርሳስ ተጽፎ በማሰሮው ውስጥ ይገባል። ይህ ጽሑፍ የሌለው ናሙና ዋጋ የለውም።

6. መለየት። በጎን መስመር ላይ ያሉ ቅርፊቶችና የክንፍ አጥንቶች ይቆጠራሉ፤ የአፍ፣ የጢምና የመምጠጫው ቅርጽ ይታያል። ውጤቱ ከዲ ኤን ኤው ጋር ይመሳከራል።

7. በቋሚነት ማስቀመጥ። ናሙናው ሌላ ተመራማሪ ተመልሶ ሊያየው በሚችልበት በሙዚየም ወይም በምርምር ተቋም ይቀመጣል።

በቅርብ ዓመታት ዓሣውን ሳይነኩ አንድ ሊትር ያህል ውኃ አጣርቶ በውኃው ውስጥ የቀረውን የዲ ኤን ኤ ቅሪት የመመርመር ዘዴም በዓለም ተስፋፍቷል። ይህ ዘዴ ግን የሚሠራው አስቀድሞ የተለዩ ዝርያዎች የዲ ኤን ኤ መዝገብ ካለ ብቻ ስለሆነ የመስኩን ሥራ አይተካም።

ጥናቱ ለነዋሪው ምን ይጠቅማል?

በኮራል ዐለቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት በዚያ ከሚበላው የዓሣ ሥጋ 60 በመቶ የሚጠጋው የሚመነጨው ከትንንሽና ስውር ዓሣዎች መሆኑን አመልክቷል። ትንንሾቹ ቶሎ ይራባሉ፣ ቶሎ ያድጋሉ፣ በሌሎችም ይበላሉ። የወንዝና የኮራል ዐለት አኗኗር የተለያየ ቢሆንም ትልልቅ ዓሣዎች የሚመገቡት ከታች ካለው ትንሽ ሕይወት መሆኑ አንድ ነው። በደምበል ሐይቅ የሚተዳደር አሥጋሪ ኑሮ ከቡታጅራ በላይ ካሉ ጅረቶች ጤንነት ጋር የተሳሰረ ነው።

ትንንሽ ዓሣዎች የውኃውን ንጽሕናም ያመለክታሉ። ጋራ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር በመሆኑ ደለል ድንጋዩን ሲሸፍንበት ምግቡንም መኖሪያውንም ያጣል። ቀድሞ በብዛት ይታይ ከነበረበት ጅረት ሲጠፋ ከብት ለሚጠጣበትና ልብስ ለሚታጠብበት ውኃም የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

ዋና ዋና ስጋቶች

• የውኃ መጠን መቀነስ። በበጋ ወራት በርካታ የመስኖ ፓምፖች በአንድ ወንዝ ላይ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ የላይኛው ጅረት ወደ ተቆራረጡ ኩሬዎች ይለወጣል። በአንዲት ኩሬ የቀረው መንጋ ኩሬዋ ስትደርቅ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

• አሸዋና ድንጋይ ማውጣት። ጠጠሩ የዓሣው ቤትና የእንቁላሉ ማስቀመጫ ነው። በተለይ ባርበሶች በክረምት ወራት እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠራማ ወለል ላይ ነው።

• የአፈር መሸርሸር። ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርድ ደለል የድንጋዮችን መካከል ይደፍናል።

• የፀረ ተባይ ኬሚካል። በርበሬ፣ አትክልትና ጫት በሚመረትባቸው አካባቢዎች የመርጫ ዕቃን በጅረት ማጠብ ለትንንሽ ዓሣዎች ገዳይ ነው።

• በመርዝ ማሥገር። የብርብራ ፍሬ ዱቄትን ውኃ ውስጥ በትኖ ዓሣ ማደንዘዝ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። የሚፈለገው ትልቁ ዓሣ ቢሆንም መርዙ ጫጩቱንና ትንንሾቹን ጭምር ይፈጃል።

• የባዕድ ዓሣ መግባት። በደምበል ሐይቅ ካርፕና አምባዛን የመሳሰሉ ቀድሞ በሐይቁ ያልነበሩ ዓሣዎች ዛሬ በስፋት ይገኛሉ። በዓለም ዙሪያም ለወባ መከላከያ ተብሎ በየአገሩ የተሠራጨው ጋምቡዚያ የተባለው ዓሣ በበርካታ ቦታዎች አገር በቀል ትንንሽ ዓሣዎችን አመናምኗል።

የሕግ ማዕቀፍና የፈቃድ መረጃ

ሀ. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995። አዋጁ የዓሣ ሀብት ጥበቃንና አጠቃቀምን፣ የማሥገር ፈቃድንና የዓሣ እርባታን ይመለከታል። በመርዝና በፈንጂ ማሥገር የተከለከለ ነው። ሕይወት ያለው ዓሣ ከውጭ ማስገባትም ሆነ ከአንድ የውኃ አካል ወደ ሌላው ማዛወር አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ክልሎችም በየክልላቸው የሚፈጸሙ ደንቦችን ስለሚያወጡ ተገልጋዮች በአካባቢያቸው በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ በወረዳ ወይም በከተማ አስተዳደር ግብርና ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ለ. የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትና የኅብረተሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998። የዓሣ ናሙናና ዲ ኤን ኤ የጄኔቲክ ሀብት ነው። ይህን ሀብት ለማግኘትና ከአገር ለማውጣት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የውጭ አገር ዜጋ የሚያካሂደው ስብሰባ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የሚሳተፍበት ሊሆን ይገባል። አዋጁ የአካባቢው ኅብረተሰብ በልማድ የኖረበትን አጠቃቀምና ልውውጥ አይከለክልም። ሀብቱ ገቢ ባስገኘ ጊዜም ሲጠብቀው የኖረው ኅብረተሰብ ከጥቅሙ የመካፈል መብት አለው።

ሐ. ጥበቃ የሚደረግላቸው ቦታዎች። በጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ናሙና መሰብሰብ የፓርኩን አስተዳደር ፈቃድ በተጨማሪነት ይጠይቃል።

ለተገልጋዮች የሚሰጥ ምክር

ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች። ወደ መስክ ከመውጣት በፊት ማን፣ ምን ዓይነትና ምን ያህል ናሙና፣ ከየትኛው ወንዝ፣ ለምን ዓላማ እንደሚሰበስብ የሚገልጽ የጥናት ዕቅድና ከተቋም የተሰጠ ደብዳቤ ያዘጋጁ። የወረዳውንና የቀበሌውን አስተዳደር አስቀድመው ያሳውቁ። ለመለየት የሚበቃውን ያህል ብቻ ወስደው የቀረውን ወደተገኘበት ቦታ ይመልሱ። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዝርያ መለየት እገዛ ሲፈልጉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ክፍለ ትምህርትን ወይም በሰበታ የሚገኘውን የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይችላሉ። ሰበታ ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች።

ዓሣ ለማርባት ለሚፈልጉ። ጫጩት ከወንዝ ወይም ከማይታወቅ ሻጭ አይውሰዱ። ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጋር በመመካከር ከታወቀ የማባዣ ማዕከል ያግኙ። ኩሬው ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ይቆፈር፤ መውጫውም ዓሣ እንዳያመልጥ ወንፊት ይደረግበት።

ለነዋሪዎችና ለመምህራን። እንግዳ የሚመስል ትንሽ ዓሣ ሲያጋጥምዎ ከውኃው ጋር በንጹሕ ዕቃ አድርገው ከጎኑና ከሥሩ ፎቶ ያንሡ፤ ለመጠን ማነጻጸሪያ ማስመሪያ ከአጠገቡ ያድርጉ። የወንዙን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጽፈው ዓሣውን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ መረጃውንም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያድርሱ። በርካታ ዓሣዎች ባንድ ጊዜ ሞተው ከተገኙ ለምግብነት አይጠቀሙባቸው፤ ሰዎችና ከብቶች ከዚያ ውኃ እንዳይጠጡ አድርገው ወዲያውኑ ያመልክቱ።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ልጆች በእጃቸውና በትንሽ መረብ ዓሣ ሲይዙ ሕግ ይጥሳሉን?
መልስ፦ በዋናነት ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መርዝ እንዳይጠቀሙና የያዙትን ወደ ሌላ ወንዝ እንዳያዛውሩ ነው። ልጆችን በዚህ ረገድ ማስተማር የወላጆችና የመምህራን ኃላፊነት ነው።

ጥያቄ፦ ከወልቂጤ ወንዝ የተያዘ ዓሣ ቡታጅራ ባለው ጅረት መልቀቅ ይቻላልን?
መልስ፦ አይቻልም። ተፋሰሶቹ የተለያዩ ናቸው። የተቀላቀለ ዘር፣ የገባ በሽታ ወይም ጥገኛ ተውሳክ ተመልሶ አይለይም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ዓሣዎች ለገበያ የማይውሉ ከሆነ መጠበቃቸው ምን ትርጉም አለው?
መልስ፦ አንዳንዶቹ የሚገኙት በኢትዮጵያ፣ ከዚያም በአንድ ተፋሰስ ብቻ ነው። ከዚያ ወንዝ ከጠፉ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም። ያልተጠናውም ዝርያ ስም ሳይወጣለት ሊጠፋ ስለሚችል ጥበቃው የጥናቱን መጠናቀቅ ሊጠብቅ አይገባም።

ተገልጋዮች ተጨማሪ ማብራሪያ ሲፈልጉ በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር የሚገኘውን ግብርና ጽሕፈት ቤት በቅድሚያ እንዲያነጋግሩ በአክብሮት እናሳስባለን።